ከሐይቅ ወንጌል እስከ ባንክ ሰሌዳ፤ መዝገብ የማስገባት ታሪክ

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ማኅበረ መነኮሳቱን ካጸኑ በኋላ፣ በ1273 ዓ.ም. ለገዳማቸው አንድ የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ አበረከቱ። ይህ ብራና የወንጌላውያኑን ቃል ከመያዙ በላይ፣ የሰጪውን የአቡነ ኢየሱስ ሞዐን ሥዕል፣ ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍት ዝርዝር፣ ከዚያም በየዘመኑ የተነሡ ነገሥታት ለገዳሙ የቆረሱትን ጉልት የሚናገሩ ማስታወሻዎችን በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ እየተቀበለ ስላኖረ፣ በአምባሰልና በአካባቢዋ ከታወቁት ጥንታውያን የንብረት መዛግብት ውስጥ ከቀዳሚዎቹ የሚቈጠር ነው።

የዚያ ዘመን ጸሐፍት የመሬትን ነገር በተለየ ክርታስ ጽፈው በሣጥን ማኖር ተስኗቸው አልነበረም። ወንጌሉን የመረጡት፣ ወንጌል በመንበሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት የሚወጣ፣ ምእመኑ የሚሳለመው፣ ባለ ሙግቱም የሚምልበት በመሆኑ፣ በውስጡ የገባውን ቃል ለመፋቅ የሚደፍር እጅ በቀላሉ እንደማይገኝ ስለ ዐወቁ ነው። የአጻጻፉም ሥርዓት የተወሰነ ነበር፤ ሰጪው ማን እንደ ሆነ፣ የተሰጠው ምድር የቱ እንደ ሆነ፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ተሰጠ፣ በዚያን ጊዜ በሹመት የነበሩት እነማን እንደ ሆኑ ይጻፍና፣ በመጨረሻ ይህን የሚፍቅና የሚያፈርስ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ግዘቱ ይታተማል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ማስታወሻ ጻፊውና ምስክሩ ካለፉ በኋላ በዳኛ ፊት ይደክማል። እንግዲህ አንድን መዝገብ ከማይፈርስ ቦታ ማስገባት፣ ሲገባም ምሉዕ መሆኑን መመርመር፣ ከገባ በኋላ እንዳይለወጥ መጠበቅ፣ እነዚህ ሦስቱ በሐይቅ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት የታወቁ ነበሩ። በሌላው ዓለም እነዚህኑ ሦስት ነገሮች በመኪና ለማሠራት ሰባት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ የዚህም ጽሑፍ ነገር ያ መንገድ ነው።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን፣ የወልዲያን መንገድ ይዞ ሲሄዱ በሚገኘው በውጫሌ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሌላ መዝገብ ተጻፈ። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የተፈራረሙት ይህ ውል ሃያ አንቀጽ ሲኖረው በሁለት ቋንቋ በሁለት ቅጂ ተዘጋጀ፤ እንደ አንድ ውል ቢፈረምም በ17ኛው አንቀጽ ላይ ሁለቱ ቅጂዎች የማይስማሙ ሆነው ተገኙ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ ከዚያ የተከተለውን የዓድዋን ነገር የማያውቅ አንባቢ ስለማይኖር እዚህ አልዘረዝረውም። ለዚህ ትረካ የሚጠቅመን፣ አንድ ነገር በሁለት ቦታ ተመዝግቦ ሁለቱን የሚያስተያይ ሥልጣን ከሌለ፣ መዝገቡ ከመጥፋት ይልቅ የከፋ ጠንቅ ሊሆን መቻሉ ነው።

ይህ ውል ከመፈረሙ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን፣ በአሜሪካ ሄርማን ሆለሪት የተባለ መሐንዲስ በቀዳዳ ካርድ ለሚቈጥር መኪና የፈጠራ መብት ተሰጠው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍራም ወረቀት ይመደብለታል፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ የትውልድ አገሩና ሥራው በተወሰነ ቦታ በሚበሳ ቀዳዳ ይመለከታል፣ መኪናውም በቀዳዳው ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ይቈጥራል። በ1890 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቈጠራ፣ ወደ 63 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ በዚህ መኪና ተቈጠረ። የሆለሪት ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ በ1924 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የሚለውን ስም ያዘ፤ ይህ ስም ወደ ፊት ደጋግሞ ይመጣብናል። በካርዱ የተጀመረው ነገር ታላቅ ነበር፤ መዝገብ ማለት የታወቀ ቦታ ላይ የተቀመጠ የታወቀ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ፣ ማለትም ዓምድና ረድፍ፣ ከሰው ዐይን ወደ መኪና የተሻገረው በዚህ ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈትና በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ መዝገብ ቤት የሚባለው ነገር በመንግሥት ሥራ ውስጥ ሥር ያዘ፤ የገቢና የወጪ ደብተር፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ ማኅተምና ቀን የሥልጣን ምልክት ሆኑ። ያም ሁሉ በእጅ የሚጻፍ ነበርና ለጊዜው እንለፈው።

በ1959 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ባቀናበረው ጉባኤ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኮምፒውተር ኩባንያዎች ተሰብስበው ለንግድ ሥራ የሚያገለግል አንድ የጋራ የፕሮግራም ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ፤ ኮቦል የተባለው ቋንቋ የተወለደው ከዚህ ነው። መሠረቱ በአብዛኛው የባሕር ኃይል መኰንን የነበረችው ግሬስ ሆፐር ቀደም ብላ የሠራችው ሥራ ነበር። ኮቦል ፕሮግራሙን በአራት ክፍል ይከፍላል፤ ከእነርሱም አንዱ የዳታ ክፍል ተብሎ፣ ወደ ፋይል የሚገባው መዝገብ እያንዳንዱ ነገር ስንት ፊደል እንደሚፈጅና በየትኛው ቦታ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይዘረዝራል። የደመወዝ ከፋዩ፣ የመድን ድርጅቱና የባንኩ ሥራ ሁሉ በዚህ ቋንቋ ተጻፈ፤ እስከ ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ባንኮች በዚሁ ቋንቋ ይሠራሉ። ቋንቋው በነገሩ ብዛት የሚያሰለች ነው ብለው የሚያፌዙበት ጐበዛዝት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሂሳብ ለሚጠብቅ ሰው ዘርዝሮ መናገር ኃጢአት ሆኖ አልታየኝም።

የዚያ ዘመን ችግር የመዝገቡ መልክ በፕሮግራሙ ውስጥ መታሰሩ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ለደንበኛው አንድ አዲስ ዓምድ፣ ለምሳሌ የስልክ ቁጥር፣ ልጨምር ቢል፣ ያንን ፋይል የሚነካው ፕሮግራም ሁሉ እንደ ገና መጻፍና መመርመር ነበረበት፤ ሁለት ክፍሎች አንዱን ደንበኛ በየራሳቸው ፋይል ከመዘገቡ ደግሞ የውጫሌው ነገር ይደገማል፣ አንዱ ቅጂ ሲታረም ሌላው እንደ ቀድሞው ይቀራል። ቻርልስ ባክማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አይቢኤምም ለጨረቃው ጉዞ ዝግጅት በሠራውና በ1968 እ.ኤ.አ. ለአገልግሎት ባበቃው አይኤምኤስ በተባለው ሥርዓት፣ የመሥሪያ ቤቱን መዛግብት ሁሉ በአንድ ግምጃ ቤት ለማኖር ሞከሩ፤ ሆኖም ፕሮግራም ጸሐፊው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መንገድ በራሱ ተከትሎ መጓዝ ግዴታው ስለ ነበረ ድካሙ አልቀነሰም።

1970 እ.ኤ.አ. ለብራናውም ለመኪናውም መዝገብ መልካም ዓመት ሆነ። በአዲስ አበባ ታደሰ ታምራት የተባሉት የታሪክ ሊቅ ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ያዘጋጁት ጥናት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታተመ፤ ዋና ምንጫቸውም በገዳሙ ወንጌል ውስጥ የገቡት እነዚያ ማስታወሻዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በአይቢኤም የምርምር ቤት የሚሠራ፣ በትውልዱ እንግሊዛዊ የሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገለ ኤድጋር ኮድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ፣ መዛግብትን ሁሉ በሰሌዳ መልክ እንዲቀመጡ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው በሚለየው ቁልፍ እንዲታወቅ፣ ተጠቃሚውም መንገዱን ሳይሆን የሚፈልገውን ብቻ እንዲናገር የሚያስተምር ጽሑፍ አወጣ። ሁለቱ ሊቃውንት ስለ ተራራቁና አንዱ የሌላውን ሥራ ያውቅ ስላልነበረ ግጥምጥሞሹን የሚያጋንን አይኑር፤ ሁለቱም ግን የያዙት ጥያቄ፣ በአንድ ቦታ የገባ አንድ መዝገብ ምንን በእርግጥ ሊነግረን ይችላል የሚለው ነበር።

በ1974 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ዶናልድ ቼምበርሊንና ሬይሞንድ ቦይስ የተባሉ ሁለት የአይቢኤም ሰዎች የኮድን ሐሳብ ተራ ሰው ሊናገረው በሚችል ቋንቋ አዘጋጅተው በሚሺጋን በተደረገ ጉባኤ አቀረቡ። ስሙ መጀመሪያ ሴኩዌል ነበር፤ አንድ የእንግሊዝ የአውሮፕላን ኩባንያ ይህን ስም ቀድሞ አስመዝግቦት ስለ ነበረ ኤስኪውኤል ወደሚለው ተለወጠ። ቦይስ በዚያው ዓመት፣ ሥራው ፍሬ ሲያፈራ ሳያይ፣ ገና በወጣትነቱ በድንገተኛ ሕመም አረፈ።

ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1966 ሲሆን፣ በወሎ ረኃብ የነገሠበት፣ በአዲስ አበባም አብዮቱ የፈነዳበት ነው። ቀጥሎም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፣ በሐይቅ ወንጌል ኅዳግ በግዘት ታትመው የኖሩት የጉልት ማስታወሻዎች ሕጋዊ ኃይላቸውን አጥተው ለታሪክ ብቻ ቀሩ። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የሚቀዳው ሥራ ተጀምሮ ስለ ነበረ፣ የሐይቅ ወንጌል ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ለሚገኘው ቤተ መጻሕፍት 1832 የሚል ቁጥር ያለው መዝገብ ሆነ። መዝገብ ተሸካሚው ራሱ በሌላ ሰሌዳ አንድ ረድፍ ሆኖ ገባ ማለት ነው።

በሳን ሆዜ ከ1974 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ሲስተም አር በተባለ የሙከራ ሥራ የኮድ ሐሳብ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑ ተፈተነ። የትረካችን ዋና ነገር የሚገኘውም እዚህ ነው። የሥራው ሰዎች አዲሱን ቋንቋ ብቻውን ቢተዉት ንግድ ቤቱ እንደማይቀበለው ያውቁ ነበር፤ የመድን ድርጅቱና የባንኩ ፕሮግራም በኮቦልና ፒኤል አንድ በተባለው ቋንቋ ተጽፎ ቆሟልና። ስለዚህ የሰሌዳውን ትእዛዝ በነባሩ ፕሮግራም ገላ ውስጥ እንዲገባ አደረጉት። ጸሐፊው ኮቦሉን እንደ ልማዱ እየጻፈ ይመጣና፣ መዝገብ ወደ ሰሌዳ ማስገባት ሲፈልግ «ኤግዜክ ኤስኪውኤል» ብሎ በር ይከፍታል፣ ትእዛዙን ይጽፋል፣ «ኤንድ ኤግዜክ» ብሎ በሩን ይዘጋል፣ ከዚያም ወደ ኮቦሉ ይመለሳል። የሐይቅ ጸሐፊ የጉልቱን ነገር በወንጌሉ መካከል እንዳስገባው፣ ይህም ትእዛዝ በሌላ ጽሑፍ መካከል የሚኖር፣ የራሱ ሕግና የራሱ ዳኛ ያለው ቃል ነው።

ዳኛው ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮግራሙን የሚያነበው ቅድመ ተርጓሚ ነው። እርሱ በሁለቱ በሮች መካከል ያለውን ትእዛዝ ነቅሎ ያወጣና በቦታው ሰሌዳዎቹን ለሚይዘው ሥርዓት፣ ለዳታቤዙ፣ የሚደረግ ጥሪ ይተካል፤ የተነቀለው ትእዛዝ ወደ ዳታቤዙ ሄዶ ሰሌዳው በእርግጥ መኖሩ፣ ዓምዶቹ የተጠሩበት ስም ትክክል መሆኑ፣ ፕሮግራሙም በዚያ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ሥልጣን ያለው መሆኑ ይመረመራል። ሬይሞንድ ሎሪ የተባለው የዚያ ቡድን አባል ያመጣው ሐሳብ፣ ይህ ምርመራና የመንገድ ምርጫ ፕሮግራሙ በሮጠ ቁጥር እንዳይደገም፣ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ በመኪና ቋንቋ እንዲቀመጥ ነበር፤ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ለሚደገም የባንክ ሥራ ይህ ምን ያህል ትርፍ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ትእዛዙ ራሱ አጭር ነው። አንድ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ባለይዞታዎችን የሚመዘግብበት ሰሌዳ አለው እንበል፤ ዓምዶቹም የባለይዞታ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌና የምዝገባ ቀን ይሁኑ። ጸሐፊው «ኢንሰርት ኢንቱ» ብሎ የሰሌዳውን ስም ይጠራል፣ በቅንፍ ውስጥ ዓምዶቹን በተራ ይዘረዝራል፣ ከዚያ «ቫልዩስ» ብሎ በሁለተኛው ቅንፍ ለእያንዳንዱ ዓምድ የሚገባውን ነገር በዚያው ተራ ያኖራል። ዓምዶቹን በስማቸው ሳይጠሩ ማስገባትም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ነገ ሰሌዳው አንድ ዓምድ ቢጨመርለት ያ ፕሮግራም ይሰናከላል ወይም ነገሩን ካለ ቦታው ያገባዋልና፣ ልምድ ያለው ሰው አያደርገውም። የሚገባው ነገር በኮቦሉ የዳታ ክፍል ከተዘረዘሩት ስሞች የሚመጣ ሲሆን፣ በትእዛዙ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ከፊቱ ሁለት ነጥብ ይደረግለታል፤ ያ ሁለት ነጥብ ይህ ቃል የሰሌዳው ሳይሆን የፕሮግራሙ ንብረት ነው የሚል ምልክት ነው።

ይህ ምልክት ትንሽ መስሎ ታላቅ ጥበቃ ያደርጋል። በእርሱ በኩል የሚያልፈው ቃል ምንጊዜም ዋጋ ብቻ ሆኖ ይገባል፣ ከቶም ትእዛዝ አይሆንም። ቈይተው የመጡ ብዙ ፕሮግራሞች ግን ትእዛዙንና ዋጋውን በአንድ ገመድ እያሰሩ መላክን ስለ ለመዱ፣ መዓዛ የሚለውን የሴት ስም በላቲን ፊደል በመካከሉ ጭረት አድርጎ የጻፈ ሰው ትእዛዙን ከመካከል ይቆርጥባቸዋል፤ ክፉ አሳቢ ከሆነ ደግሞ በስም ቦታ ሰሌዳውን የሚያጠፋ ትእዛዝ ጽፎ ይልክባቸዋል። በኮቦል ውስጥ የተቀመጠው የቀድሞው ሥርዓት ከዚህ ደዌ የተጠበቀ ነበር፤ ዘመናዊ ነን ባዮቹ ደዌውን ራሳቸው ጋብዘው እንዳመጡት መናገር ይገባል።

የማይታወቅ ነገርም ሥርዓት ተበጅቶለታል። የአያት ስሙ የማይታወቅ ሰው ሲመዘገብ ባዶ ቦታ መጻፍና አይታወቅም ብሎ መጻፍ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ከዋናው ስም ጐን ሌላ ጠቋሚ ቁጥር ይቆምና፣ ያ ቁጥር ከዜሮ በታች ሲሆን ዓምዱ ያልታወቀ ተብሎ ይመዘገባል። ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ዳታቤዙ ኤስኪውኤልኮድ በሚባል ቦታ መልሱን ያኖራል። ዜሮ ከሆነ መዝገቡ ገብቷል። ከዜሮ በታች ከሆነ አልገባም፤ ዲቢ2 በተባለው የአይቢኤም ዳታቤዝ ለምሳሌ 803 ከነተቀናሽ ምልክቱ ሲመለስ ያው ቁልፍ ያለው ረድፍ ቀድሞ አለ ማለት ነው፣ 530 ሲሆን መዝገቡ የተጠጋበት ሌላው መዝገብ፣ እንደ ምስክሩ ያለው፣ አልተገኘም ማለት ነው፣ 407 ሲሆን ሊጎድል የማይገባው ጎድሏል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳይመለከት ወደሚቀጥለው መስመር የሚያልፍ ፕሮግራም ጸሐፊ ብዙ ነው፤ ያልገባውን ገብቷል ብሎ ደረሰኝ የሚያትመውም እርሱ ነው።

መዝገቡ ቢገባም ገና አልጸናም። አንድ ይዞታ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከአንዱ ስም ማውጣትና በሌላው ስም ማስገባት ሁለት ሥራ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በመካከል ቢጠፋ መሬቱ የሁለቱም ወይም የማንም ሊሆን ነው። ጂም ግሬይ የተባለው የሲስተም አር ሊቅ በደከመበት ሥርዓት መሠረት፣ «ኮሚት» የሚለው ቃል እስኪነገር ድረስ ሁሉም በጥርጣሬ ይኖራል፤ «ሮልባክ» ከተባለ ወይም መኪናው ከቆመ፣ ዳታቤዙ አስቀድሞ በያዘው የሥራ ጽሑፍ እየተመራ ነገሩን ሁሉ እንዳልነበረ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የገበያ ታሪክ ነው። ኋላ ኦራክል የተባለው ኩባንያ የአይቢኤምን ጽሑፎች አንብቦ ከአይቢኤም ቀድሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ዕቃውን ለገበያ አቀረበ፤ አይቢኤም በ1981 ኤስኪውኤል ዲኤስን፣ በ1983 ዲቢ2ን አወጣ፤ በ1986 የአሜሪካ የደረጃ ተቋም፣ በቀጣዩም ዓመት ዓለም አቀፉ የደረጃ ድርጅት ቋንቋውን በደንብ አጸደቁት። ኮድ በ1981፣ ግሬይ በ1998 እ.ኤ.አ. የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቈጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲካሄድ ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ መኖሩ ተነገረ። ያው ዓመት ወሎን ዳግመኛ ረኃብ የመታበት መሆኑን ሳስብ፣ ቆጣሪው የመዘገበው ቤተሰብ ሁሉ መዝገቡ ተጠናቅሮ እስኪታተም በቦታው ይኖር እንደ ሆነ እጠይቃለሁ።

መሬቱ እንደ ገና በባለይዞታው ስም ወደ መዝገብ የተመለሰው የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46ን ካወጣ በኋላ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133 ተሻሻለ። ገበሬው በመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ ፊት፣ ጎረቤቱ አዋሳኙን እየመሰከረ፣ ማሳው ተለክቶ ተጻፈ፤ ባልና ሚስት የሆኑትም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር ተቀበሉ። የስዊድን የርዳታ ድርጅት በደቡብ ወሎና በምሥራቅ ጎጃም በደገፈው ሥራ፣ የባሕር መዝገቡ ኢስላ ወደሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲገባ ተደረገ፤ ኋላ ደግሞ ለአገሪቱ በሙሉ የሚያገለግል የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት ተዘረጋ። የባልና ሚስቱ ነገር ለሰሌዳ ሠሪው ጥሩ ፈተና ነበር፤ አንድ ማሳ ሁለት ባለቤት ሲኖረው ባለቤቱን በማሳው ረድፍ ውስጥ መጻፍ አይበቃም፤ ሰውን በአንድ ሰሌዳ፣ ማሳን በሌላ፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን መብት በሦስተኛ ሰሌዳ ማስገባት የግድ ነው፤ ሦስቱም ወይ አብረው ይጸናሉ ወይ አብረው ይሰረዛሉ።

ፊደላችንና አቆጣጠራችን ያመጡት ጣጣ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስውር ቁጥር ስለሚጠቀሙ፣ በአንዱ የገባ ስም በሌላው ሲወጣ ማንም የማያነበው የላቲን ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ መኪናው ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ለየብቻ ስለሚያይ፣ ኃይለ ሥላሴና ሀይለስላሴ፣ ገብረ ማርያምና ገ/ማርያም በእርሱ ዘንድ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ቁልፉ ስም ብቻ በሆነበት ሰሌዳ አንድ ገበሬ ሦስት ጊዜ ገብቶ ያ ተቀናሽ 803 አንድ ጊዜም አይመለስም። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ፊደሉ በቦታው ይጻፍ እያሉ ሲጮኹ የኖሩት፣ ለዜማና ለትርጉም ብቻ የሚከራከሩ ይመስል ነበር፤ አሁን የመዝገብ ቤቱም ሰው ከእነርሱ ጋር መቆም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ዳታቤዙ ለቀን በሠራው ዓምድ ውስጥ የአገራችንን ቀን ሳይለውጥ በቁጥር ያስገባ ጸሐፊ፣ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለ ሆነ ጥቅምት 30 የፌብሩዋሪ 30 ሆኖበት ይመለስበታል፣ ጳጕሜንማ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ናትና በጭራሽ አትገባም። እነዚህ ተቃውሞ የሚያስነሡት ቀኖች ይሻላሉ፤ የሚያስፈራው መስከረም 5 ቀን ያለ አንዳች ተቃውሞ የጃንዋሪ 5 ሆኖ ገብቶ በሰላም መኖሩ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አገር፣ የቀን ስሌት ለብቻው ሊቅ የሚፈልግ መሆኑን መርሳት አልነበረበትም።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ በመሥሪያ ቤቶችና በመዛግብት ላይ ብዙ ጉዳት ደረሰ፤ በአንድ ክፍል ብቻ የተቀመጠ ደብተርም ሆነ ኮምፒውተር ከዚያ ክፍል ጋር እንደሚጠፋ ያን ጊዜ ታየ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለሰዓታት ተሰናከለ። ባንኩ የሚሠራበት ቴሜኖስ ከተባለ የውጭ ኩባንያ የመጣ ሥርዓት እንጂ በአሮጌው ኮቦል የተጻፈ አይደለም፤ ሕጉ ግን ያው ነው፤ ገንዘቡ ከእጅ ሲወጣ ቅናሹ በሰሌዳው መጽናት ነበረበት። ብዙ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ እስኪቆም ድረስ ከ490 ሺህ በላይ ዝውውር ተፈጸመ። ብሔራዊ ባንክ ነገሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ጊዜ የደረሰ መሆኑን ሲናገር፣ የንግድ ባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጹ፤ ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ሆኖ ተቈጠረ። ወዲያው ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መልሱ ብለው መከሩ፣ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ደጃፍ ለጠፈ፤ በወሩ መጨረሻ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመልሶ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ከሒሳቡ ተቀናሽ ያልተደረገበት ያ የገንዘብ አወጣጥ ሁሉ፣ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ብር እንዳወጣ የሚናገር መዝገብ በሌላ ሰሌዳ ትቶ ስለ ነበረ ነው፤ የባንኩም ሰዎች ከዚያ ሌሊት ማግስት ጀምረው ሲሠሩ የሰነበቱት ሁለቱን ሰሌዳዎች ረድፍ በረድፍ ማስተያየት ነበር።